የዲፈረንሻል ሬሾ ምንድን ነው?

አሮጌ ፒካፕ አድሶ ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው የሚያማርረውን ታውቃላችሁ። መኪናው ያምራል፣ ዳገት ላይ ግን ይለግማል። ድሮ በአራተኛ ማርሽ የሚወጣውን አቀበት አሁን በሦስተኛም እያቃሰተ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ከጎማው ጋር ያልተስማማው ሬሾው ነው።

ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል፣ ውስጥ ሁለት ጥርሳም ማርሾች አሉ። ትንሿ ፒኞን ናት፤ ከሞተር የመጣውን ዙር ትቀበላለች። ትልቁ ኮሮና ነው፤ ዙሩን ወደ ጎማ ያስተላልፋል። የኮሮናው ጥርስ ለፒኞኗ ጥርስ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሬሾ ይባላል። 41 ለ11 ሲካፈል 3.73 ይሆናል። ጎማው አንዴ እንዲዞር ፒኞኗ 3.73 ጊዜ ትዞራለች ማለት ነው። ድፍን ቁጥር ያልሆነው ሆን ተብሎ ነው። አንዱ ጥርስ ሁሌ ያንኑ ጥርስ ብቻ እንዳይነክስ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር እየተገናኘ እኩል እንዲያልቅ። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ!

ጎማ ሲያድግ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። የ29 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር 2.31 ሜትር ይሄዳል፤ የ33 ኢንቹ 2.63። በ3.73 ሬሾ፣ ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሆነበት፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ሳይለውጥ በሚያሳልፍበት ማርሽ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ሞተሩ በደቂቃ 2150 ገደማ ይዞር ነበር። ከጎማው ለውጥ በኋላ ወደ 1890 ይወርዳል። ዙሩም ወረደ፣ ጎማውን የሚገፋው ጉልበትም ቀነሰ። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፤ 80 ሲያሳይ የምትሄዱት በ91 ነው።

መፍትሔው ቀላል ሒሳብ ነው። የድሮውን ሬሾ በአዲሱ ጎማ ቁመት አባዙ፣ ለድሮው ጎማ ቁመት አካፍሉ። 3.73 እዚህ 4.24 ይሆናል። ብዙ ጊዜ በቅርብ የሚገኙት 4.10 እና 4.56 ናቸው። ጭነትና ዳገት ለሚበዛበት መኪና እኔ 4.56ን እመርጣለሁ፤ ረጅም አስፋልት ለሚበዛበት 4.10 ይበቃል። ፎር ባይ ፎር ከሆነ የፊቱም የኋላውም አብረው ይቀየሩ። አለዚያ ደረቅ መንገድ ላይ እርስ በርስ ሲጓተቱ የሆነ ነገር ይሰበራል።

መኪናውን ከፍ ማድረጉ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙ ሰው በእሱ ይጀምርና ገንዘቡን ይጨርሳል። ባሌስትራ ላይ የምትጨምሩት ከፍታ ቦዲውን እንጂ ዲፈረንሻሉን አያነሳም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ነው፤ ከ29 ወደ 33 ስትሄዱ 2 ኢንች ታገኛላችሁ። ስለዚህ ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ የሚበቃውን ያህል ብቻ አንሱ።

ያላችሁን ሬሾ ሳታውቁ ግን ምንም አትግዙ። የቆየ መኪና ውስጡ ስንቴ እንደተቀየረ ማን ያውቃል? የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ፣ ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና መኪናውን በጠንካራ መቆሚያ ደግፉ። ጎማውና ወደ ዲፈረንሻል የሚገባው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የተነሳውን ጎማ በእጃችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፣ አንድ ሰው የዘንጉን ዙር ይቁጠር። ሌላኛው ጎማ መሬት ላይ ስለቆመ፣ የዚህኛው ሁለት ዙር ለኮሮናው አንድ ዙር ነው። ዘንጉ አራተኛ ዙሩን ሊሞላ ሩብ ያህል ሲቀረው ጎማው ሁለቱን ከጨረሰ፣ ወይ 3.73 ነው ወይ ጎረቤቱ 3.70። እነዚህን ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ክዳኑን ከፍቶ ጥርስ መቁጠር ነው።