በውትድርና የሚያገለግሉ የስፖርት አሠልጣኝን መጠየቅ፦ ታዳጊ ጠያቂዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮችና እውነታው

ለትምህርት ቤት ጋዜጣ ወይም ለክፍል ሥራ አንድ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ ሲባል ብዙ ታዳጊዎች መጀመሪያ የሚያስቡት የስፖርት አሠልጣኛቸውን ነው። አሠልጣኙ ወታደርም ከሆኑ ግን ጠያቂው ወይ ፈርቶ ለስላሳ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ይመለሳል፣ ወይ ስለ ጦርነት ሲያነሣና ሲጥል ስፖርቱን ይረሳዋል። ሁለቱም የሚመጡት ከተሳሳተ ግምት ነው። ዋና ዋናዎቹን እያነሣን እናርማቸው።

«ወታደር ስለሆኑ ምንም መናገር አይችሉም»

ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በማን ስም እንደሚናገሩ ላይ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው የታዳጊዎች ቡድን የሚያሠለጥኑና ስለ ልምምድ፣ ስለ ጉዳት፣ ስለ ተጫዋች አመራረጥ የሚያወሩ ከሆነ የሚናገሩት በአብዛኛው በግል ስማቸው ነው። የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ካምፕ ውስጥ ሆነው ወይም ስለሚያገለግሉበት ክፍል ሲናገሩ ግን ተቋሙን ይወክላሉ፤ ያኔ የአለቃ ወይም የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ደንቡ ከአገር አገር ስለሚለያይ ግምት አይሠራም። ቀጠሮ ስትይዙ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር ከክፍልዎ ፈቃድ ያስፈልግዎታል?»

ያስፈልጋል ካሉ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ጻፉ። ማን እንደሆናችሁ፣ ጽሑፉ የት እንደሚወጣ፣ ንግግሩ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ የምታነሷቸው ሦስት ወይም አራት ርዕሶች፣ ድምፅና ፎቶ ትወስዱ እንደሆነ፣ ኃላፊነት የወሰደው መምህር ስምና ፊርማ ይኑርበት። ለመልሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ጽሑፉ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ይጠየቃል፣ መልስ አይደርስም፣ አሠልጣኙም ተማሪውን ላለማሳዘን ሲሉ ያለ ፈቃድ ለመናገር ይገደዳሉ። ማንንም እዚህ አጣብቂኝ ውስጥ መክተት አይገባም።

ቦታውም ይታሰብበት። ወላጅ ወይም መምህር የሚያውቀው፣ ሌላ ሰው የሚያይበት ቦታ ይሁን። ከልምምድ በኋላ የሜዳው ዳር ይበቃል።

«ወታደር አሠልጣኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው»

ቢያንስ ሦስት የተለያየ ሥራ አለ። አንዳንዶቹ ሥራቸው ውትድርና ሆኖ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሲቪል ቡድን ያሠለጥናሉ። ሌሎቹ የጦሩን የስፖርት ቡድን ለውድድር ያዘጋጃሉ። ሌሎች ደግሞ ምልምል ወታደሮችን የአካል ብቃት ያሠራሉ፤ የእነሱ ግብ ሜዳሊያ ሳይሆን ብዙ ሰውን ሳይጎዱ እኩል ደረጃ ላይ ማድረስ ነው። የጦር ቡድን አሠልጣኝ የግድ የዚያው ጦር ወታደር ነው ማለትም አይደለም፤ የክቡር ዘበኛውን ሯጭ አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ።

ጠያቂው ይህን ሳያጣራ ከሄደ ጥያቄዎቹ ሁሉ ዒላማ ይስታሉ። ምልምል የሚያሠሩትን ሰው ስለ ሜዳሊያ፣ የጦሩን ቡድን የሚያሠለጥኑትን ስለ ምልምል መጠየቅ ይመጣል። ስለዚህ የመክፈቻው ጥያቄ «አንድ ተራ ማክሰኞዎ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይመስላል?» ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ መልሱ ሦስቱን ይለያል።

በወታደሮች መካከል የሚደረግ ውድድር ራሱን የቻለ ዓለም መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ዓለም አቀፉ የወታደራዊ ስፖርት ምክር ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1948 በአምስት የአውሮፓ አገሮች ነው፤ መሪ ቃሉም በስፖርት ወዳጅነት የሚል ነው። የመጀመሪያው የዓለም ወታደሮች ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1995 ሮም ላይ ተካሄደ። አሠልጣኙ ከእንዲህ ያለ ውድድር ካለፉ የሚነግሯችሁ ብዙ ይኖራቸዋል።

«አንባቢ የሚፈልገው ስለ ውጊያ ነው»

ከሁሉ ይበልጥ ጉዳት የሚያደርሰው ግምት ይህ ነው። «ሰው ገድለው ያውቃሉ?» ተብሎ በምንም ዓይነት መንገድ አይጠየቅም። ብዙ ወታደር ውጊያ አይቶ አያውቅም፤ ያየው ደግሞ ትዝታውን ልጅ ፊት፣ መቅጃ ፊት ሊያወጣው አይገባም። በራሳቸው ፈቃድ ካነሡት አድምጡ፣ አታቋርጡ፣ ዝርዝር ለማውጣት ግን አትጎትቱ።

ሌላው ወገን ጸጥታ ነው። ክፍሉ የት እንዳለ፣ ስንት ሰው እንዳለው፣ መቼ ወደ ግዳጅ እንደሚሄድ ወይም እንደሚመለስ፣ ምን መሣሪያ እንደሚይዝ አይጠየቅም። «ቡድኑን መቼ ነው ትተውት የሚሄዱት?» የሚለው ጥያቄ የዋህ ይመስላል፤ ቀን ከተጻፈ ግን የጦር እንቅስቃሴ ማውጣት ነው። «እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ ልምምዱ እንዴት ይቀጥላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ቀኑን ሳትነኩ የምትፈልጉትን ታገኛላችሁ፦ ማን እንደሚተካቸው፣ ዕቅዱን በጽሑፍ ትተው እንደሚሄዱ ወይም እንደማይሄዱ፣ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት ምን እንደሆነ። «ይህን አልመልስም» ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ያንኑ ጥያቄ በሌላ በር ይዞ መመለስ እምነቱን እዚያው ያፈርሰዋል።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? ሥራው። ሁለቱ ሙያዎች የሚነካኩበት ቦታ በጣም ሰፊ ነው፦

«ከውትድርና ወደ ሜዳ ይዘውት የመጡት፣ ሌሎች አሠልጣኞች ሲያደርጉት የማያዩት አንድ ነገር ምንድን ነው?»

«ሊያመጡት ሞክረው ታዳጊ ላይ ያልሠራስ?»

«ምልምል ወታደርና የ15 ዓመት ተጫዋች ሲደክማቸው ድካማቸው የሚታይዎት በምን ምልክት ነው?»

«ተጫዋች ለማዘዝና ተጫዋች ለማሳመን የሚመርጡበት ጊዜ እንዴት ይለያል?»

እነዚህ ጥያቄዎች ለእሳቸው ብቻ የተሰፉ ናቸው። «ለወጣቱ ምን ይመክራሉ?» የሚለው ግን ለማንም ሰው ይቀርባል፣ ማንም ሰው የሚሰጠውን መልስ ያመጣል። እኛ ጨርሶ ብንተወው እንመርጣለን።

«ወታደር አሠልጣኝ ጯሂና ቀጪ ነው»

ጠያቂው ይህን አምኖ ከሄደ ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ይመጣል፦ «በጣም ጥብቅ ነዎት አይደል?» አሠልጣኙ ፈገግ ብለው «አዎ» ይላሉ፤ ነገሩ አለቀ። ስለ ተግባር ጠይቁ። «ተጫዋች ሲያረፍድ ምን ያደርጋሉ? ባለፈው ወር የሆነውን ይንገሩኝ።»

እውነታውም ከግምቱ ይለያል። በምልምል ሥልጠና ላይ በጣም ከሚታወቁት ጉዳቶች አንዱ በድካም ብዛት የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሲሆን፣ በተለይ ቅልጥምና የእግር መዳፍ አጥንት ላይ ይከሰታል። ዋነኛ ምክንያቱ ሰውነት ያልለመደውን ሩጫና ሸክም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጨመር ነው። ይህን ያየ አሠልጣኝ ጫናን በመቁጠር ያስባል፦ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ዝላይ፣ ስንት የዕረፍት ቀን። ለቅጣት የሚሰጥ ፑሽ አፕ ወይም ዙር ሩጫ ከዕቅዱ ውጪ ያልተቆጠረ ጫና ይጨምራል፤ ታዳጊውም እንቅስቃሴን እንደ ቅጣት እንዲያየው ያደርጋል። አሠልጣኙ ይህን ይጠቀሙበታል ወይስ ትተውታል፣ ለምን? ከዚህ ጥያቄ የሚወጣው መልስ ስለ ጥብቅነት ከሚነገር አጠቃላይ ወሬ እጅግ ይበልጣል።

«ብዙ ጥያቄ ባዘጋጅ አልቸገርም»

ለ40 ደቂቃ ከ8 እስከ 10 ጥያቄ ይበቃል። ሃያ ጥያቄ የያዘ ሰው ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ይተከላል፤ አሠልጣኙ ትልቅ ነገር ጣል ሲያደርጉ ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ቀላሉንና ስለ ሥራ የሆነውን መጀመሪያ፣ ከበድ ያለውን ከመሃል በኋላ አድርጉ፤ መጨረሻ ላይ «ሳልጠይቅዎት የቀረ ነገር አለ?» በሉ። በእጃችሁ ሦስት አጫጭር መከተያዎች ይኑሩ፦ «ለምሳሌ?» «ከዚያስ?» «እንዴት አወቁ?»

ዝምታም አያስደንግጣችሁ። መልሱ ያለቀ ሲመስል በልባችሁ እስከ አራት ቁጠሩ። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ከዚያች ዝምታ በኋላ ነው።

አጠራራቸውንም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ «በማዕረግዎ ልጥራዎት ወይስ አሠልጣኝ ልበልዎት?» አንዳንዶች ሜዳ ላይ ማዕረጋቸው እንዲነሣ አይወዱም።

«ስልኬ ስለሚቀዳ ማስታወሻ አያስፈልገኝም»

ስልክ ይከዳል። መሃል ላይ ጥሪ ይገባና ቅጂው ይቋረጣል፣ ማከማቻው ይሞላል፣ ሜዳ ላይ ንፋሱ ድምፁን ይውጠዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ፣ ቦታና ባትሪ እዩ፣ ለአንድ ደቂቃ ሞክራችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከተናጋሪው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ከሥሩ ጨርቅ ይነጠፍ። ውጪ ከሆናችሁ ጀርባችሁን ለንፋሱ ሰጥታችሁ ግድግዳ ተጠጉ። ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁ፤ መቅጃው ከተከፈተ በኋላም ፈቃዱን ደግመው እንዲናገሩት አድርጉ።

ደብተር ላይ ስም፣ ማዕረግ፣ ዓመተ ምህረትና ቁጥር ጻፉ፤ ጠቃሚ ነገር ሲነሣ የመቅጃውን ደቂቃ ከጎኑ አስፍሩ። ይህች «17፡40» የምትል ማስታወሻ በኋላ ብዙ ድካም ትቆጥባለች፤ የአንድ ሰዓት ንግግርን ቃል በቃል መገልበጥ ለጀማሪ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቤት እንደደረሳችሁ ፋይሉን ሌላ ቦታም አስቀምጡ።

«ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት ማሳየት ግዴታ ነው»

በፈቃዱ ላይ እንዲያዩት ካልተስማማችሁ በስተቀር ግዴታ አይደለም። ማጣራት ግን ግዴታ ነው፤ በጥቅስ ምልክት ያስገባችኋቸውን ቃላትና ቁጥሮችን ደውላችሁ አንብቡላቸው። ስህተት ካለ ይታረማል፤ «እንዲህ ባልል ይሻል ነበር» ካሉ ደግሞ የተናገሩት ለሥራቸው ወይም ለሌላ ሰው አደጋ ያመጣ እንደሆነ ከመምህራችሁ ጋር መክራችሁ ወስኑ።

ማዕረግ ላይ ብዙ ይሳሳታል። ማዕረግ ከጊዜው ጋር ይሄዳል። «ሻምበል» እየተባለ የሚጠራው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሻምበል አልነበረም። አሠልጣኛችሁ አሥር አለቃ ሳሉ ስላሸነፉት ዋንጫ ስትጽፉ ዛሬ ያሉበትን ማዕረግ ወደ ኋላ አትውሰዱ።

«አንድ ፎቶ ምን ይጎዳል?»

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ አንድ የ20 ዓመት አውስትራሊያዊ ተማሪ፣ ስትራቫ የተባለው የሩጫ መመዝገቢያ መተግበሪያ ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ ወታደሮች ለልምምድ የሮጡባቸው መስመሮች የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ እንደሚያሳዩ አስተዋለ። ማንም ምስጢር ላውጣ አላለም፤ ሩጫ ነበር የተመዘገበው።

ስለዚህ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት የካሜራውን የቦታ መረጃ ከስልኩ ቅንብር ውስጥ አጥፉ። የካምፕ በር፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመኪና ታርጋ፣ ደረት ላይ ያለ የስምና የክፍል ምልክት ከጀርባም ከፊትም እንዳይገባ እዩ። የስፖርት ትጥቅ ለብሰው ሜዳ ላይ ቢነሡ ይመረጣል። ታዳጊ ተጫዋቾች ከተካተቱ የወላጆቻቸው ፈቃድ ያስፈልጋል። የተመረጠችውን ፎቶ ከመውጣቷ በፊት ለአሠልጣኙ አሳዩ፤ እናንተ የማታውቁትን ከጀርባ ያለ ነገር እሳቸው ይለዩታል።