«እሳቱ ሰማያዊ ነው» የሚለው ማስረጃ፦ ስለ ጋዝ ቃጠሎ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጋዝ ማሞቂያ ለመጠገን ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር፣ የዕቃ ሳጥኔን መሬት ሳላሳርፍ የምሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «እሳቱ እኮ ሰማያዊ ነው፤ ምንም ችግር የለበትም።» ይህ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ጭስ ማውጫውን ልመርምር ስል ወይም መስኮቱ ለምን በጨርቅ እንደተወተፈ ስጠይቅ ነው። የነበልባል ቀለም እንደ ምርመራ ውጤት ሲቆጠር መስማት ከሰለቸኝ ቆይቷል። ስለ ጋዝ የሚነገሩት ሌሎቹ ስሕተቶች በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ፤ ይህኛው ግን ሰው የሚገድል በመሆኑ ጊዜ ወስዶ ማብራራቱ ተገቢ ነው።

ከሥሩ ያለው የተሳሳተ ግምት ማሞቂያ የሚፈልገው ጋዝ ብቻ ነው የሚለው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ሜቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) በሚገባ እንዲቃጠል 2 ሜትር ኩብ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ 21 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ ወደ 9.5 ሜትር ኩብ አየር ማለት ነው። በሲሊንደር የሚሸጡት ጋዞች ከዚህም የበለጠ ይጠይቃሉ፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ፕሮፔን 24፣ ለቡቴን ደግሞ 31 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያስፈልጋል። ይህም ጋዙና አየሩ ፍጹም ቢቀላቀሉ ነው፤ በተግባር ግን ፍጹም ስለማይቀላቀሉ ትርፍ አየር የግድ ይላል። ሰዎች ሲሊንደሩ መቼ እንደሚያልቅ ይቆጥራሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ግን ሊያልቅ የሚችል ነገር መሆኑ አይታሰባቸውም።

በርነሩ፣ ማለትም ጋዙ የሚቃጠልበት የማሞቂያው ክፍል፣ ይህን አየር የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ጋዙ ከኖዝሉ (ጋዝ ከሚረጭበት አፍ) ጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲወጣ በጎን ካለው ክፍተት አየር እየጎተተ ወደ መቀላቀያው ቱቦ ይገባል፤ የጎደለውን ደግሞ ከተቀጣጠለ በኋላ ነበልባሉ በዙሪያው ካለው አየር ይወስዳል። ሮበርት ቡንሰን በ1855 በሃይድልበርግ ለቤተ ሙከራው ያሠራው በርነር በዚሁ መርሕ የሚሠራ ነበር፤ በርካታ የቤት ማሞቂያዎችም ዛሬ ድረስ በዚያው ይሠራሉ። የመጀመሪያው አየር የሚገባበት ቀዳዳ በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር ሲዘጋ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፣ ቢጫም ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ቀለሙ። ነበልባል ቢጫ የሚሆነው አየር ያልደረሰው ካርቦን ወደ ደቃቅ የጥቀርሻ ብናኝ ተለውጦ በሙቀት ሲግል ነው። ጋዙ አስቀድሞ ከአየር ጋር በበቂ ሁኔታ ከተቀላቀለ ግን ጥቀርሻ አይፈጠርም፤ የምናየው ሰማያዊ ብርሃን የነዳጁ ሞለኪውሎች ሲሰባበሩ ለቅጽበት ከሚፈጠሩት የካርቦንና የሃይድሮጅን ስብርባሪዎች የሚመነጭ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ቀለም የሚነግረን ጥቀርሻ እንዳልተፈጠረ ብቻ ነው። ቃጠሎው እስከ መጨረሻው መድረሱን አይነግረንም፤ ሁሉም ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ካርቦኑ በአንድ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሆንም። መጀመሪያ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያ በቂ ሙቀትና በቂ ኦክስጅን ካገኘ ብቻ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከቀደሙት ይልቅ ዘገምተኛ ነው። በመካከሉ ነበልባሉ ቀዝቃዛ ብረት ከነካ፣ ለምሳሌ የውሃ ማሞቂያውን ቱቦ ከላሰ፣ ሙቀቱ በድንገት ይወርድና ሞኖክሳይዱ ሳይቃጠል ያመልጣል። በክፍሉ ያለው ኦክስጅን ሲመነምንም ውጤቱ ያው ነው። በሁለቱም ጊዜ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

ይህን በቃል ሳስረዳ የማያምነኝ ብዙ ነው፤ መለኪያው ግን አያከራክርም። ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ የሚጠቀሙ አንድ አባወራ፣ የቤተሰቡ ሰዎች ሁሉ ማታ ማታ ራሳቸውን እንደሚያማቸው እየነገሩኝ፣ በዚያው አፍ ማሞቂያቸው «ንጹሕ እሳት» እንዳለው ይምሉልኝ ነበር። በሩንና መስኮቱን እንደ ወትሮው ዘግተን ካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያዬን ከፈትሁት፤ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። መስኮቱን ስንከፍት ቁጥሩ ወረደ። ነበልባሉ በሁለቱም ጊዜ ሰማያዊ ነበር፤ አባወራው ግን ራስ ምታቱ የጉንፋን ነው ከሚለው ሐሳባቸው ወዲያውኑ አልተላቀቁም።

ጉንፋን መምሰሉ በእርግጥ አያስገርምም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 1,600 ያህሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን፣ ይህም 0.16 በመቶ ብቻ ነው፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ሊገድል ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጉዳይ አይታመንም፤ ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለይ፣ የተመረዘው ሰው ጤነኛ ነው የሚያሰኝ ቁጥር ያሳያል። ከቤት ሲወጡ የሚተው፣ ሲመለሱ የሚያገረሽ፣ ቤተሰቡን በአንድነት የሚይዝ ራስ ምታት ካለ መጀመሪያ ማሞቂያው ይጥፋ፣ ሰዎቹ ወደ ውጭ ይውጡ፣ ሐኪሙም ስለ ማሞቂያው በግልጽ ይነገረው።

በሌላ በኩል ቢጫ ሁሉ መርዝ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ጨው ያለበት ውሃ ገንፍሎ በርነሩ ላይ ሲፈስ፣ ወይም አቧራ በነበልባሉ ውስጥ ሲያልፍ፣ ሶዲየሙ ለጥቂት ጊዜ ብርቱካናማ ቀለም ይሰጠዋል። የእንጨት እሳት እንዲመስሉ የሚሠሩ የጋዝ ማሞቂያዎችም ሆን ተብሎ ቢጫ ነበልባል እንዲኖራቸው ይደረጋል። ቀድሞ ሰማያዊ የነበረ በርነር ቢጫ ሆኖ ከቀረ ግን ባለሙያ ይጠራ። ለማንኛውም ቀለም ጥርጣሬ ለመጫር ይበቃል፤ ጥርጣሬን ለማንሣት ግን አይበቃም። ለዚያ መለኪያ አለ፤ በመኝታ ክፍል አጠገብ የሚሰቀል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከእኔም ዓይን ከባለቤቱም ዓይን የተሻለ ምስክር ነው።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል» ይባላል። አይተኛም፤ ከአየር በጥቂቱ የቀለለ ሲሆን ከክፍሉ አየር ጋር በቀላሉ ይደባለቃል። ወለል ላይ የሚንጣለለው ያልተቃጠለው የሲሊንደር ጋዝ ነው፤ ፕሮፔን ከአየር 1.5 ጊዜ፣ ቡቴን 2 ጊዜ ያህል ይከብዳሉ። በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሜቴን ግን ቀላል ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል።

«ጋዝ የራሱ ሽታ አለው» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ሽታው እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመር የድኝ ውሁድ ነው። ቃጠሎው ይህን ሽታ ስለሚያጠፋው፣ ምንም ካልሸተተኝ ምንም የለም የሚለው ስሌት ለካርቦን ሞኖክሳይድ አይሠራም። የጋዝ ፍሳሽን በክብሪት መፈለግን በተመለከተ አልከራከርም፦ የሳሙና አረፋ ይበቃል።

«ኖዝሉን ሰፋ ብታደርገው ይበልጥ ይሞቃል» የሚሉኝም አሉ፤ ይባስ ብሎ በመሰርሰሪያ አስፍተው የሚጠብቁኝም አሉ። የአንዱ ቤት ግድግዳ ከማሞቂያው በላይ እስከ ጣሪያ በጥቀርሻ ጠቁሮ አገኘሁት፤ ባለቤቱ ግን ቅሬታው ጋዙ ቶሎ አለቀ የሚል ብቻ ነበር። የኖዝል ቀዳዳ የሚለካው በአጋጣሚ አይደለም። ፕሮፔን በአንድ ሜትር ኩብ ከሜቴን 2.5 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሙቀት ስለሚሰጥና በከፍተኛ ግፊት ስለሚቀርብ ጠባብ ቀዳዳ ይበቃዋል። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራን በርነር ኖዝሉን ሳይቀይሩ ከሲሊንደር ማገናኘትም እንደዚያው አደገኛ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ጋዙ ይበዛል፤ የአየሩ መግቢያና የቃጠሎው ቦታ ግን እንደ ነበሩ ይቀራሉ፤ ትርፉ ጥቀርሻና ሞኖክሳይድ ነው።

«ፓይለቱ እየጠፋ አስቸገረኝ፤ ቴርሞኮፕሉን እለፈው» የሚል ጥያቄ ሲመጣ እምቢ እላለሁ። ፓይለት ዋናውን በርነር የሚለኩሰው ትንሹ ነበልባል ነው። ቴርሞኮፕል በፓይለቱ ሙቀት ጥቂት ሚሊቮልት የምታመነጭ ዘንግ ናት፤ ያቺ ኃይል ቫልቩን ከፍታ ትይዛለች፤ ነበልባሉ ሲጠፋ ቫልቩ ይዘጋል። በብዙ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያዎች ላይ ደግሞ ፓይለቱ ኦክስጅን ወደ 18 በመቶ ሲወርድ ከቴርሞኮፕሉ እንዲርቅ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ማሞቂያው አየር ሲያጥረው ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ መስኮት ዘግተው ሲያበሩት ብቻ የሚጠፋ ማሞቂያ የተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ መስኮቱ ተከፍቶ ይሞከር። ተከፍቶም ከጠፋ ፓይለቱ ይጸዳ ወይም ቴርሞኮፕሉ ይቀየር።

በመጨረሻም ከማሞቂያው ውሃ ሲንጠባጠብ «ቧንቧው አፈሰሰ» ማለት የተለመደ ነው። አንድ ኪሎ ሜቴን ሲቃጠል 2.25 ኪሎ ውሃ ይፈጥራል፤ ይህ በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ጭሱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ይህን እንፋሎት ሆን ብለው አቀዝቅዘው ሙቀቱን የሚጠቀሙ ማሞቂያዎች የውሃ ማስወገጃ ቱቦ ስላላቸው መንጠባጠባቸው የጤና ነው። በተራ ማሞቂያ ጭስ ማውጫ ላይ ግን ጠብታው ሳያቋርጥ ከታየ፣ ጭሱ ከሚገባው በላይ እየቀዘቀዘ ወይም መውጫው እየተዘጋ ነውና፣ ጭስ ማውጫው ሳይመረመር ማሞቂያው አይብራ።