የሴቶች መብት ጥብቅና በአዲስ አበባ ዳርቻ

በጀሞ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቦሌ አራብሳ አንዲት ሴት የሕግ ምክር ፍለጋ ስትወጣ፣ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ያርፋል። ባል ቤቱን ሳያማክራት ሸጦታል። ወይም «ካርታው በእኔ ስም ነው፣ ውጪልኝ» ብሏታል። ድብደባም የልጅ ቀለብም አለ። ግን ነገ የት እንደምታድር የማታውቅ ሴት ድብደባውን እንኳ ለመክሰስ ትፈራለች።

ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ኃላፊ ያደርግ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ የጋብቻ ዕድሜንም 18 አደረገ። ለዚህ ለውጥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ደክሟል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 አገልግለዋል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ግን ለመብት የሚሟገቱ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ማኅበሩም ሠራተኛ ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ የተቀየረው በ2011 ነው። በመሀል ስንት ሴት ያለ ጠበቃ ችሎት እንደቆመች ማሰብ ያማል።

በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» ባይ ራሱ ያስረዳ። የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብረው የኖሩም ያፈሩት የጋራ ነው። ይህን ሳታውቅ «ድርሻዬን ትቻለሁ» ብላ በሽማግሌ ፊት የምትፈርም ብዙ ናት።

ያለ ፈቃድ የተሠራ ጨረቃ ቤት ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። ካርታ የለውም። ያለው የመንደር ውል ነው፤ እሱም ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የባል ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ጠበቃዋ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋታል፦ ቤቱ ሲሠራ ያዩ ጎረቤቶች፣ የዕድር መዝገብ፣ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ደረሰኝ።

ወሰኑም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፈር ሸገር ከተማ፣ ማለትም ኦሮሚያ ክልል ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ፍቺ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል። ቡራዩ ወይም ሰበታ ከሆነች ግን ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ክልሉ ፍርድ ቤት ነው። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ክልሉም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ለተሳሳተው ችሎት አቤቱታ ማስገባት ጊዜም የታክሲ ብርም ይበላል።

የፌዴራል ጠበቆች ነጻ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ግን በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ቢሮ ለቦሌ ለሚ የፋብሪካ ሠራተኛ ምን ይጠቅማታል? አንድ ቀን ስትቀር ደመወዟ ይቆረጣል። ቅዳሜና እሑድ በየሰፈሩ የሚሰጥ ምክር ለእሷ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋታል።