ኢቬድ፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና አጠቃቀሙ

ኢቬድ (evade) የእንግሊዝኛ ግስ ነው፤ ሆን ብሎ፣ በብልጠት ወይም በማታለል ከአሳዳጅ ወይም ከግዴታ ማምለጥን ይገልጻል። ፖሊስ፣ እስር፣ ግብር፣ ማዕቀብ፣ ኃላፊነትና ጥያቄ የሚሉት ቃላት አዘውትረው ተሳቢ ሆነው ይከተሉታል። ጥያቄን ኢቬድ ያደረገ ሰው ዝም አላለም፤ እየተናገረ ዋናውን ነገር አድበስብሶ አልፏል።

ምንጩ ኤቫዴሬ የሚለው የላቲን ግስ ነው። «ኤ» ወደ ውጭ፣ «ቫዴሬ» መሄድ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። መውረር የሚል ፍቺ ያለው ኢንቬድም (invade) የዚሁ ቫዴሬ ልጅ ነው።

ቃሉ በጣም የሚከብደው በግብር ሕግ ነው። ገቢን መደበቅ ወይም በሐሰተኛ ደረሰኝ ወጪን ማናር በስም መልኩ ኢቬዥን (evasion) ይባላል፤ ወንጀል ነው፤ በእኛ ሕግ ታክስ ስወራ የሚባለው ይኸው ነው። ሕጉ ራሱ በፈቀደው ቅናሽ ተጠቅሞ ግብርን መቀነስ ግን አቮይዳንስ (avoidance) ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ጸሐፊ ንጹሑን ሰው ወንጀለኛ ሊያደርገው ይችላል። የአሜሪካው የወንበዴዎች አለቃ አል ካፖን እ.ኤ.አ. በ1931 11 ዓመት የተፈረደበት በግድያ ሳይሆን በገቢ ግብር ኢቬዥን ነበር።

በግልጽ እምቢ ያለን ሰው በዚህ ቃል መጥራት ተገቢ አይደለም። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ለውትድርና ሲጠራ አልቀበልም ያለው ሁሉ እያየው ነው፤ ጥፋተኛ የተባለበትን ፍርድም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ሽሮታል። እስከ ዛሬ ግን ብዙዎች ድርጊቱን ድራፍት ኢቬዥን፣ ማለትም ከውትድርና ግዴታ በማታለል ማምለጥ፣ ይሉታል።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያሳስተው «አመለጠ» ነው፤ ብዙ ነገር ስለሚሸከም። «አውቶቡሱ አመለጠኝ» ለማለት ሚስ (miss) እንጂ ኢቬድ አይሆንም፤ አውቶቡስ ተንኮል የለውም። «ስሙ አመለጠኝ» ሲባል ደግሞ ኢሉድ (elude) ወይም ኢስኬፕ (escape) ነው የሚስማማው። «ከፖሊስ አመለጠ» በሚለው ውስጥ ያለው «ከ»ም ወጥመድ ነው፤ ኢስኬፕ ፍሮም (escape from) ይባላል እንጂ ኢቬድ ፍሮም አይባልም፤ ተሳቢው ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ይከተለዋል። ሌላ ግስ ሲከተለውም ኢቬድ ፔዪንግ (evade paying) ይባላል እንጂ ኢቬድ ቱ ፔይ (evade to pay) ማለት ስሕተት ነው።

ኢቬድ ሲነበብ ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ሁለተኛው ክፍለ ቃል ነው። ያለፈ ጊዜው ኢቬዲድ (evaded) ተብሎ በሦስት ክፍለ ቃል ይነበባል።