ጀልባ ላይ መክረም፦ የብርድ ወራት ኑሮ በማሪና

የሸራ ጀልባ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በጋ ነው። ነጭ ሸራ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው። ግን ዓመቱን ሙሉ ጀልባቸው ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ቤታቸው እሱ ነው፤ ብዙዎቹ ሌላ ቤት የላቸውም። ብርዱ ሲመጣ አብዛኞቹ አንድ ማሪና ይመርጡና ገመዳቸውን አስረው እዚያው ይከርማሉ። ማሪና ለግል ጀልባዎች የተሠራ ትንሽ ወደብ ነው። ማዕበል የሚመክት የድንጋይ ግድብ አለው፣ ጀልባ የሚታሰርባቸው ፖንቱን የሚባሉ መተላለፊያዎች አሉት፣ ውሃና መብራት ያቀርባል፣ ሻወርና ልብስ ማጠቢያም አይጠፋም። መቼም እዚህ ላይ ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን አይደለም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አካባቢ ያለውን የብርድ ወቅት ነው።

ለምን አይጓዙም? በክረምት ባሕሩ አይታመንማ። ሜዲትራኒያን በበጋ ኩሬ መስሎ ይቆይና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌላ ባሕር ይሆናል። ማዕበል በማዕበል ላይ ይመጣል፣ ንፋሱ አቅጣጫውን ይቀያይራል፣ ትናንት ተከልሎ የነበረው መልህቅ መጣያ ዛሬ ለሞገዱ ፊት ለፊት ይጋለጣል። ቀኑም አጭር ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ የኢንሹራንስ ውል በክረምት ጀልባው የት መታሰር እንዳለበት ሳይቀር ይወስናል። ስለዚህ የስድስት ወር ውል ይፈረማል። ሒሳቡ የሚሰላው ብዙ ጊዜ በጀልባው ርዝመት ነው፤ ካታማራን የሚባለው ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ባለቤቱ ጨምር ይባላል። ደግነቱ የክረምት ውል በወር ሲሰላ ከበጋው በብዙ ይረክሳል። የበጋው እንግዳ ሄዷል፣ ቦታው ባዶውን ከሚያድር ለሚከርም ሰው ቢሰጥ ለማሪናውም ይሻላል።

አንዳንድ ማሪናዎች በከራሚዎቻቸው ስም አውጥተዋል። ከሲሲሊ ማሪና ዲ ራጉሳና ሊካታ፣ ከቱርክ ማርማሪስና ፊኒኬ፣ ከግሪክ ቀርጤስ ላይ ያለው አጊዮስ ኒኮላዎስ፣ ከስፔን ካርታሄናና አልሜሪማር፣ ከፖርቱጋል ላጎስ፣ ከቱኒዝያ ሞናስቲር። ካርታ ላይ ብታዩአቸው ሁሉም ደቡብ ደቡቡን ይዘዋል። ግን ሰው የሚከተለው ፀሐይዋን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሰውን ነው የሚከተለው። ከጎኑ ያሉት ሠላሳ ጀልባዎች ተቆልፈው፣ ባለቤቶቻቸው አገራቸው ገብተው፣ ማታ ማታ የአንዱ መብራት ብቻ የሚታይበት ማሪና ውስጥ መክረም ከብርዱ በላይ ይከብዳል።

ከዚያ ደግሞ የወረቀት ጣጣ አለ። የሼንገን (እርስ በርስ የድንበር ፍተሻ ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች) ሕግ የውጭ አገር ጎብኚን በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። ክረምቱ ደግሞ ስድስት ወር ነው። ጀልባው በበኩሉ፣ ባለቤቱ ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ፣ ቀረጥና ቫት ሳይከፈልበት እስከ 18 ወር ኅብረቱ ውስጥ መቆየት ይችላል። ለሰውየው 90 ቀን፣ ለጀልባው 18 ወር! እንግሊዞቹ ይህን በደንብ የቀመሱት አገራቸው ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ልባቸው ይከርሙ የነበሩ ሰዎች የፓስፖርት ማኅተም መቁጠር ጀመሩ። አንዳንዱ የረጅም ጊዜ ቪዛ ያወጣል። አንዳንዱ ክረምቱን ከሁለት ይከፍልና ግማሹን ከሼንገን ውጭ ያሳልፋል። አንዳንዱ ጀልባውን ለጎረቤት አደራ ብሎ አውሮፕላን ይሳፈራል።

ሁሉም ማሪና ሰው እንዲኖርበት ይፈቅዳል ማለትም አይደለም። ብዙዎቹ ጀልባ ማሰርን እንጂ ጀልባ ላይ መኖርን አይፈልጉም። የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ለምሳሌ ነዋሪ ያለባቸው ጀልባዎች ከማሪናው ቦታ ከ10 በመቶ እንዳይበልጡ ይገድባል። እንዲህ ባለ ቦታ ተራ መጠበቅ የግድ ነው፤ ተደብቆ የሚኖርም አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጀልባ ላይ ከርሞ የማያውቅ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። የከረመ ሰው ግን የሚያወራው ስለ እርጥበት ነው። ባሕሩ ከውጭ እንዳይገባ ሰው ሺህ ነገር ያደርጋል፤ ክረምት ላይ ግን የሚያስቸግረው ውሃ ከውስጥ የሚመጣው ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙዎቹ ጀልባዎች የፋይበርግላስ ሳጥን ናቸው፤ ታችኛው ክፍላቸው ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ተነክሯል። የሜዲትራኒያን ውሃ በክረምት ከ13 እስከ 17 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውስጥ ደግሞ ሰው ይተነፍሳል፣ ማሰሮ ይጥዳል፣ እርጥብ ካልሲ ያሰጣል። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የጋዙ ምድጃ ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ ይወጣዋል። ሙቀት ፍለጋ ምድጃ ለኩሶ የሚቀመጥ ሰው በራሱ ላይ ዝናብ እየጠራ ነው።

ጠዋት ተነሡና የፊተኛውን መኝታ ፍራሽ በጠርዙ ቀና አድርጉት። ሥሩ ያለው ጣውላ ረጥቧል። ጨርቁ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ ትናንት አልነበሩም። የልብስ መደርደሪያው ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተጠጋው ጃኬት ጀርባው ሻግቷል። የቆዳ ጫማማ አይነሣ። ጣሪያው ላይ ካለችው መስኮት ጠርዝ አንዲት ጠብታ ቀስ ብላ ታብጥና፣ የሰውየው ግንባር ላይ፣ ሁልጊዜ ያችው ቦታ ላይ ጠብ ትላለች።

መፍትሔው አንድ አይደለም። ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ ወይም ወፍራም መረብ ይነጠፋል። ዕቃ ከግድግዳው ይራቃል። ጣሪያና ግድግዳ ላይ ሙቀት የሚይዝ ስፖንጅ ይለጠፋል። ለሰው ለማስረዳት የሚከብደው ግን መስኮት መክፈቱ ነው። በርዶት ሁሉን ነገር ጥርቅም አድርጎ የዘጋ ሰው እርጥበቱን አብሮት ይቆልፋል፤ ትንሽ ከፍቶ ትንሽ ያሞቀ ይደርቃል። እርጥበት መምጠጫ ማሽንም አለ። እንደ ፍሪጅ በኮምፕሬሰር የሚሠራው ዓይነት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አቅም ያጣል፤ እርጥበት በሚስብ ኬሚካል የሚሠራው ዓይነት ግን በብርድም ይሠራል፣ ሞቅ ያለ አየርም ይተነፍሳል። በቀን ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ከማሽኑ ሲደፋ ሰው ያ ሁሉ የት ነበር ይላል።

ማሞቂያው ሌላ ወሬ ነው። በአውሮፓ ማሪናዎች አንድ ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው 16 አምፔር በ230 ቮልት ነው፤ ወደ 3.7 ኪሎዋት ማለት ነው። አሮጌ ፖንቱን ላይ ከዚያም ያንሳል። ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ እየሠራ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ጨምራችሁ ሰኩ። ጠቅ! ጨለማ። ማብሪያው ያለው ውጭ፣ ፖንቱኑ ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በካልሲ፣ በዝናብ፣ ባትሪ በአፍ ተነክሶ ይወጣል። ሁለተኛው አማራጭ እንደ ዌባስቶና ኤበርስፔሸር ያሉ በናፍጣ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ናቸው። የሚቃጠለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፣ ጭሱም በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሙቀቱ ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው። የትኛውንም ይምረጡ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለሚባለው ገዳይ ጋዝ ማንቂያ ሳይሰቅሉ እሳት ለኩሶ መተኛት እብደት ነው። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጀልባ ደግሞ ትንሽ ክፍል ናት።

ኤሌክትሪኩ ከውሃ በታችም ሥራ አለው። ጀልባዎች በመሬት ሽቦው በኩል እርስ በርስ ስለሚገናኙ ማሪናው ራሱ እንደ ትልቅ ባትሪ ይሆናል፤ ደካማው ብረት እየተበላ ያልቃል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ እንዳይበላ ለመሥዋዕትነት የሚታሰር ሌላ ብረት አለ፤ በጨው ውሃ ዚንክ፣ ጨው በሌለው ውሃ ማግኒዥየም። ስድስት ወር ተሰክቶ የከረመ ጀልባ ላይ ይህ ብረት በፍጥነት ሊያልቅ ይችላል። በመሬት ሽቦው ላይ የሚገባ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ይህን መንገድ ይዘጋዋል።

ማዕበል ሲመጣ ማሪና ውስጥ የታሰረ ጀልባ አደጋ የለበትም የሚል ካለ አንድ ሌሊት ይደር። ጀልባው ይንጫጫል። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ሆድ የሚያላውስ ድምፅ ያሰማል። ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው ገመድ ላልቶ ከሆነ የአሉሚኒየሙን ምሰሶ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይደበድባል፤ ታንግ፣ ታንግ፣ ታንግ። የገዛ ጀልባው ሰላም የሆነለት ሰው እንኳ የጎረቤቱ አያስተኛውም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፒጃማ ወጥቶ የሰው ጀልባ ላይ ዘሎ ያን ገመድ አስሮ መመለስ በሌላ ቦታ ወንጀል ነው፤ እዚህ ግን ጠዋት ምስጋና ያስገኛል። ገመድ ከብረት ጋር የሚፋተግበት ቦታ ሁሉ በአሮጌ የውሃ ጎማ ይሸፈናል፣ ዋና ዋናው ገመድ በሌላ ይደገማል፣ ሸራው ወርዶ ይታሸጋል። ግድቡ ራሱ ከተሸነፈ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። በጣሊያን ራፓሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 መጨረሻ የሆነው ይኸው ነው፤ ሞገዱ የወደቡን ግድብ ጥሶ ገባና ውድ ውድ ጀልባዎች ዳርቻው ላይ እርስ በርስ ተከመሩ። የሚከርምበትን ማሪና የሚመርጥ ሰው ከሻወሩ በፊት ግድቡን ቢያይ ይሻለዋል።

ወደ ሰሜን ከወጣን ጨዋታው ይለወጣል። ቦስተን አካባቢ የሚከርሙ ሰዎች ጀልባቸውን ከአናቱ እስከ ጎኑ ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ይጠቀልሉታል። በረዶው የጀልባው ወለል ላይ አያርፍም፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ውስጡ እንደ አትክልት ማፍያ ቤት ይሞቃል፤ ውጭ ውርጭ ሆኖ እዚያ በቲሸርት ሻይ መጠጣት ይቻላል። የፖንቱኑ ቧንቧ እንዳይፈነዳ ይዘጋል። ነዋሪዎቹ ውሃ የሚያመጡት ብዙ ጊዜ ባሕሩ ውስጥ ጠልቆ በተዘረጋ ጎማ ነው፤ ከታች ያለው ውሃ እንደ ላዩ አየር አይቀዘቅዝምና። ሐይቅ ላይ ደግሞ ጀልባውን በረዶ እንዳይጨብጠው ከሥሩ አየር የሚነፋ ወይም ውሃ የሚያናውጥ ማሽን ይቀመጣል። ጨው የሌለው ውሃ ክብደቱ የሚበዛው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከላይ በረዶ ቢጋገርም ታች ያለው ከላዩ ይሞቃል፤ ማሽኑ እሱን ወደ ላይ ያመጣዋል።

ሰው የሚሞትበት ነገር ግን በረዶው ወይም ማዕበሉ ሳይሆን ፖንቱኑ ነው። ያንሸራትታል፣ ማታ ነው፣ በእጅ ፌስታል አለ። በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የብርድን ጉዳት የሚያጠናው ጎርደን ጊዝብሬክት በሰፊው ያስተማረው የ1፣ 10፣ 1 ቀመር አለ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመግዛት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩ እሺ እንዲሉት 10 ደቂቃ፣ ከብርዱ የተነሣ ራሱን እስኪስት 1 ሰዓት አለው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሳይሆን እጁ መያዝ እምቢ ብሎት ነው። በየፖንቱኑ መሰላል መኖሩን፣ መሰላሉም ውሃው ውስጥ ጠልቆ መግባቱን ማየት የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ መከራ እያለ ሰው ለምን በየዓመቱ ይመለሳል? ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የጀልባ ሬዲዮ ከፍታችሁ አድምጡ። ቻናል 16 ለጥሪና ለአደጋ ጊዜ የተተወ ነው፤ የማሪናው ሰዎች የሚገናኙት በሌላ በተስማሙበት ቻናል ነው። አንዱ በተራው ያወያያል። አዲስ የመጣ አለ? የሚሄድ አለ? የአየር ሁኔታው እንዴት ነው? ቀጥሎ የዕቃው ክፍል ይመጣል፤ አንዷ ትርፍ ፓምፕ አላት፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም ይፈልጋል፣ ሌላው የጠፋች ድመቱን እየጠየቀ ነው፤ ድመቷም እንደተለመደው ሦስተኛው ፖንቱን ላይ የሰው አልጋ ውስጥ ትገኛለች። ሰኞ የቋንቋ ትምህርት፣ ረቡዕ ሸራ ስፌት፣ እሑድ የጋራ ምሳ። ጡረታ የወጣ ኢንጂነር የጎረቤቱን ሞተር ይፈታል፣ የጎረቤቱ ሚስት ደግሞ የእሱን ፀጉር ትቆርጣለች፤ ገንዘብ አይነሣም። ሐሜትም አለ፣ እንዴታ! ግድግዳው ስስ ነው፣ የሁሉም ሻወር አንድ ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከአየር ትንበያው በፊት ይሰማል። የማን ልጅ፣ የማን ሥራ፣ የማን ሀብት የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አይነሣም። ሰው የሚታወቀው በጀልባው ስም ነው። አንዳንዱ ሦስት ክረምት አብሮት የኖረውን ጎረቤት የአባቱን ስም አያውቅም።

ሚያዝያ ሲቃረብ ሙዱ ይቀየራል። ሸራ ይወጣል፣ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ይበዛል፣ ወሬው ሁሉ መቼ ትሄዳላችሁ ነው። የመጀመሪያው ጀልባ ሲወጣ ሁሉም ጥሩንባውን ይነፋል፣ ገመድ የሚፈታለት አሥር ሰው ይሰለፋል፣ የሚያለቅስም አይጠፋም። ከዚያ ጀልባው የግድቡን ጫፍ ሳይርቅ ሞተሩ ይግላል። ስድስት ወር ሳይንቀሳቀስ ስለቆመ የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ዛጎል ለበስ ትንንሽ ፍጥረታትና የባሕር ሣር ሞልተውበታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እየተጎተተ ይመለሳል፤ ቦታው ገና ባዶ ነው፣ ያ አሥሩ ሰውም ገና አልተበተነም፣ ገመዱን ይቀበላሉ።