ሕማማትና ትንሣኤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሆሳዕና ማግስት እስከ ትንሣኤ ያለው ጊዜ ሰሙነ ሕማማት ይባላል። ሥርዓቱን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን የሰፈር ወሬ ይቀድማል።

«ሳምንቱ ለክርስቶስ የሚለቀስበት ነው።»
ሰሙነ ሕማማት ለቅሶ ቤት አይደለም። ጌታ ወደ ቀራንዮ ሲወሰድ የተከተሉትን ሴቶች «ለእኔስ አታልቅሱልኝ፤ ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ አልቅሱ» ብሏቸዋል (ሉቃስ 23፥28)። እንባው የንስሐ እንባ ነው። ምእመኑ የሚያዝነው ለዚያ መከራ ምክንያት የሆነውን የራሱን በደል እያሰበ ነው።

«አምላክ ስለሆነ ሕመሙ አልተሰማውም።»
አክብሮት የሚመስል ስሕተት ነው። መለኮት በባሕርዩ አይታመምም፤ ነገር ግን ቃል በተዋሐደው ሥጋ በእውነት ታመመ፣ «ተጠማሁ» አለ፣ ሞተ። ሕመሙ ለይምሰል ቢሆን ኖሮ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ መስቀሉን አይቶ ምን ይጽናናል?

«መስቀል የማንሳለመው ካህናቱ ስላዘኑ ነው።»
ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ መስጠቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሳምንቱ አዳም በተስፋ የጠበቀበትን 5500 ዘመን፣ ማለትም ዓመተ ፍዳን ማሰቢያ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጸሎተ ፍትሐት፣ ማለትም ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት፣ አይደረግም፤ በሳምንቱ ለሚያርፉ ሰዎች አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይጸለያል። ቅዳሴ ጭራሽ የለም የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ጸሎተ ሐሙስ ከሕጽበተ እግር በኋላ ይቀደሳል። ያን ቀን መቁረብ የሚፈልግ ሰው ከሆሳዕና በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ጉዳዩን ይጨርስ።

«ኪርያላይሶን ግእዝ ነው።»
በስግደቱ ጊዜ የሚደጋገመው ይህ ቃል ግሪክኛ ነው፤ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። «ናይናን» ደግሞ ከቅብጥ የመጣ ሲሆን «ማረን» ማለት ነው።

«ብዙ የሰገደ ብዙ ኃጢአት ከፈለ።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስግደት ዕዳ መክፈያ አይደለም፤ ዕዳው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ዓርብ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባ ላይ ቸብ የሚያደርገው ጥብጣቤም ቅጣት ሳይሆን የጌታን ግርፋት ማስታወሻ ነው፤ የሚታዘዘው ተጨማሪ ስግደትም ምእመኑ ንስሐውን በሰውነቱ የሚገልጥበት ነው። የስቅለት ጸሎት በ1፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ይደርሳል። የወንጌሉ 6 ሰዓት የእኛው የቀትር 6 ሰዓት ስለሆነ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም፤ ጨለማው ከ6 እስከ 9 ነበር።

አሰጋገዱ ቀላል ነው፦ አማትቦ መንበርከክ፣ መዳፍን መሬት ማስያዝ፣ ግንባርን ማስነካት፣ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም። የሚበላሸው በጥድፊያ ነው። ከጎረቤት ጋር የሚፎካከር ሰው ጉልበቱን መሬት ላይ ይጥለዋል፤ 6 ሰዓት ሳይደርስ ጉልበቱ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስበው ሕመሙን እንጂ ሕማማቱን አይደለም። እጅ መሬት ይዞ ክብደቱን ቢካፈል ጉልበት ይተርፋል፤ ከሥር ወፈር ያለ ጨርቅ ማንጠፍም ነውር የለውም። ነፍሰ ጡር፣ አራስና ወገቡን የሚያመው ሰው ቆሞ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይስገድ፤ ይህም አድንኖ የሚባል ራሱን የቻለ የስግደት ዓይነት ነው።

«ያላከፈለ አልጾመም።»
አክፍሎት፣ ማለትም ከሐሙስ ወይም ከዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ሳይቀምሱ መቆየት፣ ለሚችል ሰው ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይሞክረው። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ባዶ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ መጫን ደግሞ ጨጓራን ያስቆጣል። እናቶች አስቀድመው ተልባ የሚያቀርቡት ለዚህ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ትንሽ ቆይቶ መብላት ይሻላል።

«ትንሣኤ ሲሆን ሕማማቱ ይረሳል፤ አጥብቆ የሚጾም ግን ረቡዕና ዓርብን አይተውም።»
ሁለቱም አይሆንም። ከሞት የተነሣው ጌታ ለቶማስ ያሳየው የችንካሩን ምልክትና የተወጋ ጎኑን ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን በሳምንቱ እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ ታነባለች። ደስታው ግን እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ስለሆነ ጾምም ስግደትም የለም። ልማዱ እንዳይጠፋበት የሚሰጋ ካለ የሰኔ ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይጠብቀዋል።