ሃዴስና ፐርሰፎኒ በዘመናዊ የሥዕል ልቦለድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኒውዚላንዷ ሠዓሊና ደራሲ ሬቸል ስማይዝ ከ2018 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ዌብቱን በተባለው የኮሚክ ድረ ገጽ በተከታታይ ያወጣችው «ሎር ኦሊምፐስ»፣ የሙታን ዓለም ገዥ ሃዴስ የእህል አምላክ የሆነችውን የዴሜጥርን ልጅ ፐርሰፎኒን የወሰደበትን የግሪክ አፈ ታሪክ፣ አማልክቱን ስልክ አስይዞና መኪና አስነድቶ እንደገና ይተርካል። በ2022 የአይስነር ሽልማትን በድረ ገጽ ኮሚክ ዘርፍ ያሸነፈው ይህ ሥራ ለጥንቱ ታሪክ ብዙ አንባቢ አፍርቶለታል፤ አብረውት የተዛመቱት አንዳንድ አመለካከቶች ግን መታረም አለባቸው።

«ሥዕል ስለሆነ የልጆች ነው።»

አይደለም። ሥራው ጾታዊ ጥቃትንና በተጠቂዋ ላይ የሚተወውን ጠባሳ በግልጽ ስለሚያነሳ ለሕፃናት የሚሰጥ አይደለም።

«ሃዴስ ማለት ሰይጣን ነው።»

ይህ ስሕተት ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም በሉቃስ 16፥23 ግሪክኛው «ሃዴስ» የሚለውን መጽሐፍ ቅዱሳችን «ሲኦል» ብሎ ስለሚተረጉመው፣ ስሙ ገና ሲጠራ ሥቃይ ይታወሰናል። በግሪኮች ዘንድ ግን ሦስቱ ወንድማማቾች ዓለምን በዕጣ ሲካፈሉ ሰማዩ ለዜውስ፣ ባሕሩ ለፖሲዶን፣ የሙታን አገር ለሃዴስ ደረሰ። ሰው የሚፈራው ንጉሥ ነው እንጂ ነፍስን ወደ ኃጢአት የሚስብ ፈታኝ አይደለም።

«አንድ ትክክለኛ ቅጂ አለ፤ ሌላው ሁሉ ብልሽት ነው።»

ጥንታውያኑ ራሳቸው አልተስማሙም። የሙታንን አገር ምግብ የቀመሰ ወደዚያው መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ ለዴሜጥር በተደረሰውና በሆሜር ስም በሚታወቀው ጥንታዊ የግሪክ መዝሙር ፐርሰፎኒ የምትቀምሰው አንዲት የሮማን ፍሬ ዘር ሲሆን፣ ከዓመቱ ሲሶውን ከምድር በታች ትኖራለች፤ ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በ«ሜታሞርፎሲስ» ዘሩን ሰባት፣ ጊዜውንም እኩሌታ አድርጎታል። ስለዚህ ስማይዝ የራሷን መንገድ መከተሏ እንደ ጥፋት ሊቆጠርባት አይገባም።

«በጥንቱ ታሪክ ፐርሰፎኒ ወድዳ ሄደች፤ ጠለፋው በኋላ የተጨመረ ነው።»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አዲሱ ሥራ ፍቅር አድርጎ ስላቀረበው ብዙዎች የጥንቱም እንዲሁ ይመስላቸዋል፤ ዘርዝሮ ከሚተርኩልን ጥንታዊ ጽሑፎች ሁሉ የሚቀድመው መዝሙር ግን የሚናገረው ሌላ ነው። ልጅቱ ከጓደኞቿ ጋር አበባ ስትለቅም፣ ምድር በዜውስ ፈቃድ ለወጥመድ ያበቀለቻትን፣ ከአንድ ሥር መቶ ራስ ያወጣች ናርሲሰስ የተባለች አበባ ታያለች፤ ተደንቃ ሁለት እጆቿን ስትዘረጋ ምድር ይከፈታል፣ ሃዴስም እያለቀሰች በወርቅ ሠረገላው ይዟት ይሄዳል። አባቷን ዜውስን ጮኻ ትጣራለች፤ ሳያማክራት የዳራት ግን እሱ ራሱ ነው። ደራሲዋ ይህን መለወጧ መብቷ ነው፤ ለውጡን ለጥንታውያኑ መስጠት ግን የልጅቱን ጩኸት ማፈን ይሆናል።

«ታሪኩ የሁለት ወዳጆች ታሪክ ነው።»

መዝሙሩ ገና በመጀመሪያው መስመር የሚጠራው ዴሜጥርን ነው፤ ዘጠኝ ቀን ችቦ ይዛ፣ እህል ውሃ ሳትቀምስ ልጇን የፈለገችው፣ ኋላም እህል እንዳይበቅል ከልክላ ዜውስን ያስገደደችው እናት ናት። በመጨረሻ ልጇን ስታይ ከቤተ መቅደሷ እየሮጠች ትወጣለች፤ ፐርሰፎኒም ከሠረገላው ዘልላ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች። ዴሜጥር ግን ገና እንዳቀፈቻት ልቧ ይጠረጥርና፣ «ልጄ፣ እታች ሳለሽ ምግብ ቀምሰሽ ይሆን?» ብላ ትጠይቃታለች።